የታችኛው ሰፈር ውሃ

ሙያ የሌለው ሰው ነበረ። ሰነፍ አልነበረም፤ ብዙ ቤት ገብቶ ሠርቷል። ግን አንዱም ቤት የእሱ ሆኖ አልቀረም።

ያምሮት፣ እስቲ ተቀመጪ። ከገባሽ ጀምሮ ከመስኮቱ ወደ በሩ ትመላለሻለሽ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው ከገቢው ተማሪ ሁሉ ሃያ አራታችሁን መርጦ የክብር ፕሮግራም ውስጥ አስገባችሁ። ጠዋት ታሪክ፣ ከሰዓት ባዮሎጂ፣ በማግስቱ ፍልስፍናና ስታቲስቲክስ፣ ሐሙስ ደግሞ ሕግና ሥነ ጽሑፍ ትማራላችሁ። እንዲህ ስትዪ ሦስተኛ ዓመት ደረስሽ። ጓደኞችሽ መሐንዲስ ነኝ፣ ነርስ ነኝ ማለት ጀምረዋል፤ አንቺ ምን ነኝ እንደምትዪ ጠፋሽ። አባትሽ እንኳ ለጎረቤት ማስረዳት ሲያቅታቸው «ሕክምና ነው የምትማረው» ብለው እንደተገላገሉ ነገርሽኝ። አሁን የመጣሽው ወደ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ልዛወር ወይስ ልቆይ ብለሽ ነው። «መምህር፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የቀመሰ ሰው መጨረሻው ምንድን ነው?» አልሽኝ። የዚያን ሰው ታሪክ የምነግርሽ ለዚህ ነው። ቆመሽም ቢሆን ስሚኝ።

ሰውየው የሸማኔ ልጅ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጥለት መጣል ችሎ ነበር፤ አባቱም ተተኪ አገኘሁ ብለው ልባቸው አርፎ ነበር። አንድ ቀን ቀዩ ክር ቀለሙን ከየት እንዳገኘ ጠየቃቸው። አባቱ ከገበያ ነው አሉት። ወደ ገበያውስ ከየት እንደመጣ ለማየት ሄደ፤ ወደ ሸማው አልተመለሰም። ከቀለም ነካሪው ዘንድ አንድ ክረምት ቆየ። ከዚያ ንብ የሚያረባ ሰው ቤት ገባ፤ እዚያም ሁለት መስከረም አሳለፈ። የሰፈሩ ሰው «ጀማሪው» የሚል ስም አወጣለት። እናቱን ልጅሽ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቋቸው፣ መልስ ሲያጡ፣ መንገድ ላይ ነው ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እሱም ራሱን አይወደውም ነበር። አንድ ቤት በገባ ቁጥር ይህ የመጨረሻዬ ነው ብሎ ይምላል። ሥራውን ቶሎ ይለምዳል፤ ጌቶቹ ይወዱታል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ጥያቄው ከዚያ ቤት ሥራ ውጭ ይሆናል። ጌታው ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም ይለዋል። ያን ጊዜ እግሩ ማረፍ ያቅተዋል፤ ሲበላም ሲሠራም ልቡ ሌላ ቦታ ነው። በመጨረሻ ዕቃውን ይሸክፋል።

በሃያ ዓመቱ ከአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ጋር ተገናኘ። ቆፋሪው በዚያ ቆላ አገር ሁሉ የታወቀ፣ ድምፁ ወፍራም፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ነበር። የሚያየው መሬቱን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውየው ከእሱ ጋር አራት ዓመት ቆየ፤ ይህ ከሁሉም የበለጠ የቆየበት ነው። መዳፉ ተሰነጣጠቀ፣ ድንጋይ በድምፁ መለየት ተማረ፣ የተቆፈረ አፈር በምላሱ ነክቶ ውሃ ቅርብ ነው ወይም ሩቅ ነው ማለት ቻለ።

ከተራራው ሥር በሜዳው ላይ ታችኛው ሰፈር የሚባል መንደር ነበር። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ተራራው ላይ ካለ ምንጭ ነበር፤ መውጣቱ ሁለት ሰዓት፣ ከነእንስራው መውረዱ ከዚያ ይበልጣል። ቆፋሪውና ሰውየው እዚያ ስምንት ወር ቆፈሩ። ታች ወርዶ የሚፈልጠው ሰውየው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዶማው ከድንጋዩ ሥር ሲገባ ውሃው ለብ እንዳለ ወደ እግሩ ወጣ። ሲጎትቱት ጭቃ ለብሶ ነበር፤ ሴቶቹ እጁን፣ ጉልበቱን ሳሙት። በሕይወቱ ከጀመረው ሁሉ ጨርሶ ምስጋና ያገኘበት ያ ብቻ ነበር። ያን ቀን ሰፈሩ ውስጥ ማንም ጀማሪው ብሎ አልጠራውም።

ግን ውሃው ሲታጠቡበት እጅ ላይ ይንሸራተት ነበር፤ ሳሙና እንደነካው ያለሰልሳል። ከሌሎቹ ጉድጓዶች ውሃ በዚህ ይለያል። ለምን እንደሆነ ቆፋሪውን ጠየቀው።

«ውሃው ወጣ?» አለው ቆፋሪው።

«ወጣ።»

«ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«እንግዲያው ሥራችን አልቋል።»

ሰውየው ሌሎች ጉድጓዶችም አብሮት ቆፈረ። ጥያቄው ግን አልለቀቀውም። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ቆፋሪውን ተሰናበተ። ቆፋሪው አዘነ፤ ቁጣው ከሐዘኑ ስለሚቀድም ሰድቦ ሸኘው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ዞረ። ያንን ሁሉ አልነግርሽም። ትዳር ያዘ፤ ሚስቱ ሦስት ዓመት ታግሣ አራተኛውን አልቻለችም፤ ባትችልም አልፈርድባትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሆነው ከአንድ ወጌሻ ቤት ገባ። ወጌሻው የተሰበረ የሚያቃኑ፣ የወለቀ የሚመልሱ፣ ዝምተኛ አዛውንት ነበሩ። እዚያ እጁ አጥንት ማንበብ ተማረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሰው ላይ እጁን ሲያሳርፍ የት እንደታመመ ያውቃል። በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገር አስተዋለ። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ሕመምተኞች አጥንታቸው የተለየ ነው። ገና ሠላሳና አርባ ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ጀርባቸው እንደ እንጨት ደርቋል፤ አንገታቸውን ለማዞር መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። አጥንታቸው ሲዳሰስ ወፍራምና ጉጥ ጉጥ ያለ ነው፤ ወፍራም ይሁን እንጂ ቶሎ ይሰበራል። ከየት እንደመጡ ሲጠይቃቸው ሁሉም ታችኛው ሰፈር አሉት። ወጌሻውን ለምን ይሆን አላቸው። እሳቸውም እኛ የምናቃናው እጃችን ላይ የመጣውን ነው፣ ከየት መጣ የሚለው የሌላ ሰው ጥያቄ ነው አሉት። ሌላ ሰው የተባለው ማን እንደሆነ አላወቁም፤ እሱም አላወቀም። ዓመት ሳይሞላ ወጣ።

ከዚያ የገባው ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ነው። መሪጌታው የስምንት ደብር መዝገብ ይይዛሉ፤ ማን መቼ ክርስትና እንደተነሣ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ። መዝገቡ አርጅቶ ስለነበር የሚገለብጥላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ሰውየው ብርዕ ይዞ ተቀመጠ። መቀመጥ ለእሱ እንዴት ከባድ እንደነበረ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን ስሞቹን ሲገለብጥ አንድ ነገር ማየት ጀመረ። ድሮ በየዓመቱ ከታችኛው ሰፈር ስምንትና ዘጠኝ ልጃገረዶች ወደ ሌሎቹ ደብሮች ይዳሩ ነበር። ከቅርብ አራት ዓመት ወዲህ አንዲትም የለችም። መሪጌታውን ጠየቃቸው። «ያ ሰፈር የዘር በሽታ አለበት ይባላል፤ ሰው ፈራ» አሉት። «መዝገብ የሆነውን ይጽፋል፤ ለምን ሆነ አይልም።»

እንደለመደው ዕቃውን ለመሸከፍ ተነሣ። ግን የጀመረውን ገጽ ልጨርስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከገጹ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ በዚህ ዓመት የታችኛው ሰፈር ጉድጓድ ተባረከ የምትል። ዓመቱን ቆጠረ። አሥራ ስምንት ዓመት። የደረቀውን ጀርባ ሁሉ በእጁ ያውቀዋል፤ የሚንሸራተተውን ውሃ በእጁ ያውቀዋል፤ ያልተዳሩትን ልጃገረዶች አሁን በእጁ ጽፏቸዋል። ሦስቱ ነገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ተገናኙ። ደስ አላለውም።

ወደ ታችኛው ሰፈር ሄደ። ሽማግሌዎቹ አወቁት። ውሃ ያወጣልን ልጅ መጣ ብለው ወጥተው ተቀበሉት። ከጉድጓዱ ቀድተው አጠጡት። እምቢ ማለት ነውር ነበርና ጠጣ።

ከዚያ ሰፈሩን እየዞረ ሰዎችን ጥርሳችሁን አሳዩኝ ማለት ጀመረ። ተቆጡ፤ እንደ በቅሎ ጥርሳችንን ያያል አሉ። ግን ያየውን አየ። ከጉድጓዱ በፊት ያደጉት ሁሉ ጥርሳቸው ነጭ ነው፤ ጀርባቸው ግን ደርቋል። ከጉድጓዱ በኋላ የተወለዱት ጥርሳቸው የዛገ ብረት መስሏል። ልጃገረዶቹ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ብዙዎቹም መሳቅ ትተዋል።

ዘር ነው የሚለውን ግን እንዴት ያፍርሰው? ሁለት ሴት ልጆች ያሏት አንዲት እናት አገኘ። ታላቂቱን ጡት እንደጣለች ተራራው ማዶ ያለች አክስቷ ወስዳ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ አሳድጋታለች። ታናሺቱ እዚያው አድጋለች። ያው አባት፣ ያው እናት። ታላቂቱ ጥርሷ ወተት ይመስላል፤ ታናሺቱ አፏን ሸፍና ነው ያነጋገረችው። እናትየው የሆነውን ነገረችው። ባለፈው ጥር ለታላቂቱ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ታናሺቱ ምግብ ይዛ ገባች፤ አንዱ ሲቀልድ ረስታ ሳቀች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የቀረበላቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። ታናሺቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቷ ፊት መቀመጥ ትታለች።

እናትየው ይህን ስትነግረው እርጉዝ ነበረች፤ ስድስት ወሯ ነው።

አሁን ሰውየው የሚያውቀውን አወቀ፤ መናገር ግን አልቻለም። ያምሮት፣ እዚህ ላይ አስተውዪ። በሕይወቱ ጨርሶ የኮራበት አንድ ነገር ያ ጉድጓድ ነው። ሰው ያከበረው ለዚያ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩን ዞረው፤ ከጉድጓዱ እስከ ተራራው ሥር፣ ከተራራው ሥር እስከ ጉድጓዱ። ተሳስቼ ይሆናል ይላል። አሸዋው ይሆናል፣ ምግባቸው ይሆናል ይላል። መንገዱን ይዞ ቢሄድ የሚያስቆመው የለም፤ መሄድ ደግሞ የለመደው ነው። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጉድጓዱ ዘንድ ሲሰበሰብ መጣና የጉድጓዱን ክዳን ገጥሞ ላዩ ላይ ቆመ።

«ይህን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጀርባችሁን ያደረቀው፣ የልጆቻችሁን ጥርስ ያበላሸው ይህ ውሃ ነው። ዘራችሁ ንጹሕ ነው። ወደ ምንጩ ተመለሱ።»

 ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተናገረ። ቆፋሪውም ሌላ ሥራ ሊጀምር በአካባቢው ነበርና መጥቶ ሰምቷል። ሠላሳ ዓመት ስቆፍር ስለ ጥርስ የጠየቀኝ የለም ብሎ፣ ጀርባውን አዙሮ ሄደ። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ሕዝቡን ዝም አሰኙ። እሳቸውም አንገታቸውን ማዞር ስለማይችሉ መላ ሰውነታቸውን አዙረው አዩት።

«ውሃውን ያመጣህልን አንተ ነህ፤ አሁን የምትወስድብን አንተ ነህ» አሉት። «ለመሆኑ ሙያህ ምንድን ነው?»

ሰውየው መልስ ፈለገ። ቆፋሪ ነኝ እንዳይል ቆፋሪው ካደው። ወጌሻ አይደለም፤ መሪጌታ አይደለም።

«ሙያ የለኝም» አለ።

ሰው ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሲስቁብሽ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። መበተን ሲጀምሩ ያቺ የሁለቱ እህትማማቾች እናት ወደ ፊት መጣች።

«እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለችው።

እሱም እንዲህ አላት፤ የትልቆቹ ጀርባ አይመለስም፣ የወጣው ጥርስም አይነጣም። ማወቅ የሚቻለው ከእንግዲህ ያን ውሃ ሳይቀምስ በሚያድግ ልጅ ነው። የወተት ጥርሱ ወልቆ ዋናው ሲበቅል ይታያል። ያ ደግሞ ሰባት ዓመት ነው።

እናትየው ሆዷን በእጇ ይዛ አሰበች።

«እኔ ወደ ምንጩ እወጣለሁ» አለች። «ነገር ግን አንተ ጀምሮ የሚሄድ ሰው ነህ ይላሉ። እኔ ተራራውን እየወጣሁ አንተ ሌላ አገር ሆነህ አትረሳኝም። እስከዚያ ድረስ እዚህ ትኖራለህ። ከተሳሳትክም እያየሁህ እደክማለሁ።»

ሰውየው ያን ጊዜ ፈራ። ጌቶቹ ሁሉ ቆይ ብለውታል፤ ይህን ያህል የፈራበት ጊዜ የለም። ግን እሺ አለ።

ሰባት ዓመቱ እንዴት አለፈ መሰለሽ? ክፉኛ ነው ያለፈው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ምንጩ የወጡት እሷና እሱ፣ ሌላም አራት ቤት ብቻ ናቸው። የቀሩት ከጉድጓዱ ይቀዱ ነበር፤ ሲያልፉ ሲያዩት ይተፋሉ። እሷ በዘጠነኛ ወሯም ወጥታለች። ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ሳለች ውሃውን የሚያመጣላት እሱ ነበር፤ ወንድ እንስራ ተሸከመ ብለው የሳቁበትም ነበሩ። ልጅቷ ጡት ስትጥል የምትጠጣው ከምንጩ ብቻ እንዲሆን ያቺ አፏን የምትሸፍነው እህቷ ጠባቂ ሆነች፤ ጎረቤት ቤት ስትጫወት እንኳ ውሃዋን አስይዛ ነው የምትልካት።

የሰውየው እግር ግን አላረፈም። ሦስት ጊዜ ዕቃውን ሸክፏል። አንዴማ እስከ ገበያው ከተማ ደርሷል። እዚያ አንድ ሰው ከመስታወት ፍሬ ጨሌ ሲሠራ አገኘው፤ እሳቱንና ቀለሙን እያየ ግማሽ ቀን ቆመ። ጨሌ ሠሪው ና ግባ አለው። ልቡ እንዴት እንደዘለለ! ገብቶ ወናፉን አንድ ጊዜ ነፋለት። ከዚያ ዛሬ ውሃውን ለእናትየው ማን እንደሚያመጣላት አሰበና ተመለሰ። ስትቆጣው እንስራውን አንሥቶ ወደ ምንጩ ወጣ።

ጊዜውን በባዶ አላሳለፈም። የደረቁ ጉልበቶችን ከወጌሻው እንደተማረው በቅቤ ያሻል፤ ሕመሙን ያቀልላቸዋል። ማን ከየትኛው ውሃ እንደጠጣ፣ የትኛው ልጅ መቼ እንደተወለደ መሪጌታው እንዳስተማሩት ይጽፋል። በሁለተኛው ዓመት ምንጩን በቀርከሃ ቦይ እስከ ተራራው ወገብ ለማውረድ ጀመረ። ውሃው መንገድ ላይ እየፈሰሰ አስቸገረው። አንድ ቀን ቦዩን ሲጠግን ከኋላው ወፍራም ድምፅ ሰማ።

«ቁልቁለቱን አብዝተህበታል» አለው ድምፁ።

ቆፋሪው ነበር። አርጅቷል። ይቅርታ አላለም፤ ሰውየውም አልጠበቀም። ቀርከሃውን ከእጁ ወስዶ እንዴት እንደሚያርፍ አሳየው። አብረው እስከ ክረምቱ ሠሩ። ቦዩ ሲያልቅ መንገዱ በግማሽ አጠረ፤ ሌሎች ቤቶችም አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ገሚሱ አምኖ ነው፣ ገሚሱ መንገዱ ስለቀረበ ብቻ ነው። ሰውየው ለሁለቱም ግድ አልነበረውም።

በሰባተኛው ዓመት የልጅቷ የፊት ጥርስ ወለቀ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያች ባዶ ድድ ሆነ። ሰው ሰበብ እየፈለገ ልጅቷን ለማሳቅ ይመጣል። ሰውየው ብቻ አልሄደም፤ እነሱ ቤት በር ላይ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው። ከተሳሳተ ያቺ እናት ሰባት ዓመት ሙሉ ተራራ የወጣችው በእሱ ቃል ነው። ወገቧም ቀድሞ የጠጣችው ውሃ ይዟት ነበርና በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀና ልበል ስትል ያማት ነበር።

አንድ ጠዋት እናትየው ልጅቷን በእጇ ይዛ ደጁ ድረስ መጣች።  የልጅቷን አገጭ ቀና አድርጋ ክፈቺ አለቻት። ሁለት ጥርሶች ብቅ ብለዋል። ነጭ ናቸው።

ሰውየው ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ አያቸው። በጣቱ ነካቸው። ከዚያ ሌሎቹን የምንጭ ልጆች አምጡልኝ አለ፤ አንዲት ልጅ አትበቃውም ነበር። እስከ ክረምቱ ድረስ ጥርሳቸው የበቀለ አምስት ልጆች አየ። አምስቱም ነጭ ነበሩ። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ይህን ሳያዩ ሞተዋል። ለታላቂቱ እህት በዚያው ዓመት ሽማግሌ ተላከላትና ተዳረች፤ ታናሺቱ ሠርጉ ላይ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አልሳቀችም። ግን እህቷ አጠገብ ተቀምጣለች።

እናትየው ለሰውየው «እንግዲህ መሄድ ትችላለህ» አለችው።

እሱና ቆፋሪው በሕይወት ዘመናቸው አብረው የቆፈሯቸው ሌሎች አሥራ አንድ ጉድጓዶች ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ተነሡ፤ ቆፋሪው ምርኩዝ ይዞ፣ ሰውየው የጻፈውን መዝገብ አዝሎ። በየሰፈሩ እየዞሩ የሰው ጥርስ ያያሉ፤ በየሰፈሩም ይሰደባሉ። የሰማሁት እስከዚህ ነው።

ያምሮት፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ።

በታሪኩ ውስጥ አንቺ ሰውየው ነሽ። እኔ ግን ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? ወጌሻው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ትምህርት አስተምሬአለሁ፤ እጄ ላይ የመጣውን በደንብ አቃናለሁ። አምና ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ፣ በተማርነው የረሃብ ታሪክ ውስጥ የእህሉ ዘር ዓይነትና የአፈሩ ጉዳይ ለምን አልገባም ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ የዚህ ኮርስ ጉዳይ አይደለም አልኩሽ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ራሴ ሳስበው ከርሜአለሁ። ጥያቄው ትክክል ነበር። እኔ ግን እሱን ይዤ የምሄድበት ሌላ ቤት አላውቅም። አንቺ ስድስት ቤት ታውቂያለሽ። ስለዚህ እግርሽ አላርፍ ማለቱ በሽታ ነው ብዬ አልነግርሽም። ሰውየው ባያርፍ ነው ጥያቄው ከቆፋሪው ቤት እስከ መሪጌታው ቤት የሚሸከመው ሰው ያገኘው።

ግን ከዚህ ክፍል ተደስተሽ እንድትወጪ አልፈልግም። ያ ሰው ቆፋሪው ዘንድ አንድ ሳምንት ብቻ ቆይቶ ቢሆን ውሃው እጁ ላይ መንሸራተቱን አያውቅም ነበር። ወጌሻው ዘንድ ቆሞ ብቻ ቢያይ ጉጡ በእጁ ባልተሰማው። በየገባበት ቤት መዳፉ እስኪሰነጠቅ ሠርቷል። እናንተ ሃያ አራታችሁ እንዲህ አድርጋችኋል? አንዳንዶቻችሁ ከየትምህርቱ ለወግ የሚሆን ቃል ቃል ብቻ ለቅማችሁ ትወጣላችሁ። ይህ ከሁሉም መቅመስ ነው፤ መጨረሻውም ምንም ነው። ስታቲስቲክሱን ቁጥሩ እስኪታዘዝሽ ድረስ ሥሪው። ሕጉን ክርክር እስክትችዪ ድረስ አንብቢው። ወደ ኢንጂነሪንግ ብትዛወሪም ያው ነው፤ ቤቱን ብትለውጪ መዳፍሽ አይለወጥም።

ምን እሆናለሁ ላልሽው ስም የለኝም። ለእሱም አልተገኘለትም፤ ሽማግሌው ሙያህ ምንድን ነው ሲሉት ባዶ እጁን ነው የቆመው። ለአባትሽ የምትነግሪያቸውን ቃልም ልሰጥሽ አልችልም። የማውቀው ይህን ነው። በየቤቱ ስትዞሪ አንድ ቀን ከየቤቱ የያዝሽው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይገናኝብሻል፤ ያን ቀን ደስ አይልሽም። የሰው ሕይወት ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ምናልባትም ጥፋቱ ውስጥ የራስሽ እጅ ይኖርበታል። አንዲት ሴት ደግሞ መጥታ ፊትሽ ቆማ፣ እኔ ተራራውን ልውጣ፣ አንቺ ግን አትሄጂም ትልሻለች።

ለዚያች ሴት የምትመልሺላት ነው ሙያሽ የሚሆነው።